መልኳና ጓዟ፦ ኤስፕሬሶ በመቄት ደጋ



የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ አንዲት ትንሽ መኪና ነው። "የቤተሰብ መጽሔት ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ቢኖር፣ አንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ በዕድሜው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ውዱ መኪና መሆኑን፣ እናቱንና ልጆቹን ይዞ ገደል ለገደል የሚጓዝበትም እሱው መሆኑን እናስታውሰዋለን።

መኪናይቱ ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ ትባላለች። ሕዝቡ አንድ ላይ ገጥሞ "ኤስፕሬሶ" ይላታል፤ ስሟን ሲሰማ ቡና ቤት ትዝ የሚለው ሰው አይፈረድበትም። የምትሠራው ሕንድ አገር ሲሆን እዚያው ለገበያ የቀረበችው በመስከረም 2012 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት በአገራችን የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን በከባድ ታክስ ሲመታ፣ ሞተራቸው ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ አዳዲስ የቤት መኪናዎችን ግን 5 በመቶ ብቻ ጠየቀ። ያገለገለ ቪትዝ ያስመጣ የነበረ ነጋዴ ፊቱን ወደ ሕንድ ቢያዞር ምን ይገርማል? ዲዛየርና ኤስፕሬሶ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የበረከቱት ከዚያ ወዲህ ነው። ከአዲስ አበባም እየተሸጡ እየተለወጡ ወደ ክፍለ አገር ወጡ፤ እነሆ አንዷን ባለፈው ሰሞን ፍላቂት ላይ አገኘኋት።

አገሩን ለማታውቁ፣ ፍላቂት በሰሜን ወሎ የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ከወልዲያ ተነሥቶ በድልብ፣ በቆንና በጋሸና በኩል አልፎ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ደብረ ታቦር በሚዘልቀው፣ ሕዝቡ "የቻይና መንገድ" እያለ በሚጠራው ጎዳና ላይ ተቀምጣለች። ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ጋሸና ላይ ይገነጠላል። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል፤ ንፋሱ ጋቢ ያስደርባል። በዚህ ጎዳና ላይ ዐይን የለመደው አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ አባዱላ፣ የድርጅት ላንድክሩዘር፣ በከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ነው። ቀይዋ ኤስፕሬሶ ከነዚህ መካከል ቆማ ሳያት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ይህቺ ልጅ እናቷ ጠፍታባት ይሆን?" የሚል ነበር።

ፊት ለፊት ለተመለከታት ኤስፕሬሶ ጂፕ ናት። ኮፈኗ እንደ ቪትዝ ተዳፍቶ አይወርድም፤ ከፍ ብሎ ወጥቶ በድንገት ይቆረጣል። የፊት መብራቶቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ጥቁሩ ፓራውልቶ የግንባሯን የታችኛውን ግማሽ ሞልቶ ከኮረኮንች ጋር ለመታገል የተነሣች ያስመስላታል። ወደ ጎን ሲዞሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎማዋ ቀጭን ነው፤ ትልቅ በሚባለው ዓይነቷ እንኳ ቸርኬው 14 ኢንች ነው። ከበሩና ከጣራው ቁመት ጋር ሲያስተያዩት ያንስባታል። አጠገቤ ቆመው ያዩ የነበሩ አንድ አባት ፍርዱን ባጭሩ ጨረሱት፦ "ራሷ የወይፈን፣ እግሯ የጠቦት።" ከዚህ የተሻለ አገላለጽ ከየትም የመኪና መጽሔት አላነበብኩም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ52፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ56 ነው። ከስፋቷ ቁመቷ በለጠ ማለት ነው። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የሚናቅ አይደለም፤ ዝናብ የሸረሸረውን የመንደር መንገድ ወይም ድንጋይ የፈጠጠበትን ግቢ በር ሆድ ሳያስፍቁ ለማለፍ፣ ከተራ ትንሽ መኪና ጥቂት ሴንቲ ሜትር መብለጥ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ መልኳ አልዋሸም።

ታዲያ ጂፕ ናት ወይስ አይደለችም? እንዲህ ያለችውን መኪና የሙያው ሰዎች "ክሮስኦቨር" ይሏታል። የጥንቱ ጂፕና ላንድክሩዘር እንደ ጭነት መኪና ወፍራም ሻንሲ አለው፤ ቤቱ የሚጫነው በሻንሲው ላይ ነው። ክሮስኦቨር ግን የቤት መኪና ነው፤ ቤቱና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቶ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የጂፕ መልክ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶዮታ ራቭ ፎርን ሲያወጣ ይህ ዓይነቱ አሠራር በዓለም ተለመደ። ራቭ ፎር አራቱንም ጎማ የሚያዞር ዓይነት አለው። ኤስፕሬሶ ግን የምትነዳው በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ባለ አራት ጎማ ነጂ ኤስፕሬሶ የለችም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መኪናይቱን በዋዛ አላየኋትም። ሊገዟት ያሰቡ ሦስት ወንድማማቾች አብሬያቸው እንዳይ ጠይቀውኝ ነው። ገንዘቡ የእህታቸው ነው፤ ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት ያጠራቀመችው። ሐሳባቸው እናታቸውን ወልዲያ ሐኪም ቤት ለማመላለስ፣ ትርፍ ጊዜ ሲኖር ደግሞ ወደ ጋሸናና ወደ ላሊበላ ኮንትራት ለመሥራት ነው። ታላቅየው ልቡ ሄዷል። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ትንሿ ላንድክሩዘር ናት!" አለኝ። "አብሽር፣ መጀመሪያ እንቀመጥባት" አልኩት።

ተቀመጥንባት። እውነቱን ለመናገር ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ወደድኳት። መቀመጫዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቷን የሚያማት እናት እንደ ሌሎቹ ትንንሽ መኪናዎች ወደ ጉድጓድ አትወርድም፤ ቀጥ ብላ እንደ ወንበር ትቀመጥበታለች። ጣራው ከራስ ይርቃል፤ ጥምጥም ያደረገ ሰው እንኳ አንገቱን አይሰብርም። ከኋላ ሁለት ሰው ይመቸዋል፣ ሦስተኛው ይጠባል። የፊቱ መስኮት በቁልፍ የሚወርድባት እንኳ የኋላው በእጅ የሚሽከረከር ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ ግን የሚበላሽ ነገር ቀነሰ እላለሁ። የተለየ ነገሯ የፍጥነት መለኪያው ነው። ከመሪው ጀርባ መሆኑ ቀርቶ መካከል ላይ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ሾፌሩ ዐይኑን ወደ ጎን መጣል አለበት፤ ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠች እናት "ልጄ፣ 80 ደረስክ እኮ፣ ቀስ በል" ለማለት ምንም አይጋርዳትም። ሠሪዎቹ ይህን አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለእኛ ቤተሰብ ግን ከብዙ ጌጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ጓዟ እንምጣ። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ 240 ሊትር ገደማ ይይዛል። አንድ ኩንታል ገብስ በጆንያ አጋድሞ ለማስገባት በስፋት ይበቃ ይሆናል። ለአረፋ አንድ የመቄት ሙክት እግሩ ታስሮም ይገባል፤ ሁለተኛው ግን ከልጆች ጋር ነው የሚቀመጠው። ጥያቄው ግን ስፋቱ ሳይሆን ክብደቱ ነው። የኤስፕሬሶ ባዶ ክብደት ከ770 ኪሎ በታች ነው፤ ከነጭነቷ እንድትመዝን የተፈቀደላት ደግሞ 1170 ኪሎ ገደማ። ልዩነቱ 400 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ብቻቸውን 325 ኪሎ ይሆናሉ። የቀረው 75 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል አይሞላም። እንግዲህ አምስት ሰው ጭኖ፣ ከኋላ አንድ ኩንታል እህል፣ ጣራ ላይ ፖርቶ መጋላ አስሠርቶ ሌላ ጓዝ የሚያስር ሰው መኪናይቱን ከአቅሟ በላይ እያሠራት ነው። አይሱዙ ይህን ሁሉ አይሰማውም፤ እሷ ግን በሞላዋ፣ በፍሬኗና በጎማዋ ትከፍላለች።

ደጋው ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሞተሯ 998 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ጉልበቷም 67 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚሠራው አየሩ ወፍራም በሆነበት በባሕር ዳርቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚቃጠለውም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ስለዚህ ፍላቂት ከፍታ ላይ ከ67ቱ ፈረሶች የሚደርሱልን 47 ያህሉ ናቸው። ሃያዎቹ ቆላ ቀሩ። የመቄት ሰው ፈረስ ያውቃልና ይህ ስሌት ቶሎ ይገባዋል፤ ወንድማማቾቹም የሳቁት እዚህ ላይ ነበር። ለሁለት ሰውና ለአንድ ሻንጣ 47ቱ ይበቃሉ፣ መኪናይቱ ራሷ ቀላል ናትና። ሙሉ ሰው ተጭኖ ከወልዲያ ሽቅብ በድልብ በኩል ለሚወጣ ግን መንገዱ የሁለተኛ ማርሽ መንገድ ነው፤ አባዱላ ለመቅደም የሚሞክር ሾፌር ከፊቱ የሚመጣውን መኪና አስቀድሞ ይቁጠር።

መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። በየትኛው ማርሽ ትወጣው እንደነበር አስብና በዚያው ማርሽ ውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ለኤስፕሬሶም ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚሞክር ደግሞ አለ፤ እሱን ምን እንበለው?

ቀደም ሲል ኋላ እንመለስበታለን ያልነው የፊት ጎማ ነገር የሚመጣው በክረምት ነው። ጭነቱ ከኋላ ሲሆን፣ መንገዱም ዳገትና ጭቃ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የሚነዳው የፊት ጎማ ይቀልና ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ በሚገባው ጥርጊያ ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ያ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻውን አያሳልፍም። ሰዎቹ ወርደው መግፋት አለባቸው። በበጋ ግን ብዙ ቦታ ትደርሳለች።

በቤንዚን በኩል የሚያማት የለም። ፋብሪካው በአንድ ሊትር ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ይላል። የፋብሪካ ቃል በዳገት ላይ አይሠራምና 15 እንበለው። ሰልባቲዮዋ 27 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 400 ኪሎ ሜትር ታስኬዳለች ማለት ነው። ከፍላቂት ወልዲያ ደርሶ መልስ ሄዶ ይተርፋል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር በሚገዛበት አገር ይህ ቁጠባ የዋዛ አይደለም።

አሁን ግን ፊቴን ኮስተር የማደርግበት ነገር አለ። ግሎባል ኤንካፕ የሚባል የመኪና ደኅንነት ፈታኝ ድርጅት አለ። አዲስ መኪና በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አስሮጦ ከማገጃ ጋር ያጋጫል፤ ውስጥ የተቀመጡት አሻንጉሊት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ለክቶ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። በኅዳር 2013 ዓ.ም ለሕንድ ገበያ የምትቀርበውን ኤስፕሬሶ ፈትኖ ለአዋቂዎች ዜሮ ኮከብ ሰጣት። በዚያን ጊዜ ኤርባግ የነበራት ለሾፌሩ ብቻ ነበር። በ2014 ዓ.ም ለደቡብ አፍሪካ የምትቀርበው፣ ሁለት ኤርባግ ያላት፣ ተፈትና ሦስት ኮከብ አገኘች። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ፈተናው ከጠነከረ በኋላ የሕንዷ እንደገና ቀርባ አንድ ኮከብ ለአዋቂ፣ ዜሮ ለልጆች ተሰጣት።

ይህን ስነግራቸው ታናሽየው "መኪና ሁሉ ከተጋጨ ያው አይደለም እንዴ?" አለ። ያው አይደለም። በአንድ ስም የምትጠራ፣ በመልክ የማትለይ መኪና እንደተሠራችበት ጊዜና እንደተላከችበት አገር ውስጧ ይለያያል። ስለዚህ የምትገዛዋን ኤስፕሬሶ በዐይንህ አይተህ መርምር፤ ከመሪው መካከል ብቻ ሳይሆን ከተሳፋሪው ፊት ለፊት ባለው ዳሽቦርድ ላይም የኤርባግ ጽሑፍ አለ ወይ? ኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን አላት ወይ? ሞተሩ ሲነሣ የኤርባጉ መብራት በርቶ ይጠፋል ወይ? ጭራሹን የማይበራ ከሆነ ኤርባጉ ፈንድቶ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የኋላ ቀበቶዎቹ ከመቀመጫው ሥር ተቀብረው ከሆነም አውጥቶ መሞከር ነው። ሕፃን ልጅ ከፊት ታቅፎ መቀመጥ በአገራችን የፍቅር ምልክት ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን የእናት ክንድ ሕፃኑን ሊይዝ አይችልም፣ ኤርባጉ ራሱ ሊጎዳውም ይችላል። ልጆች ከኋላ፣ በቀበቶ።

ስለ ኮንትራቱ ሐሳባቸውም የነገርኳቸው አለ። በቤት መኪና ሰሌዳ ሰው በሒሳብ ማመላለስ ሕጉ አይፈቅድም፤ ፈቃድና ሰሌዳ መለወጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ግን ሒሳቡ ራሱ አይመጣም። አራት ተሳፋሪ ከነጓዙ ይዛ በየቀኑ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለውን ቁልቁለትና ዳገት የምትመላለስ ባለ 998 ሲሲ መኪና ፍሪሲዮኗና አሞርዛተሯ ቶሎ ያልቃሉ፤ መለዋወጫው ደግሞ ፍላቂት ጋራዥ ውስጥ አይጠብቅህም። ለእናታቸው ሐኪም ቤት ግን ትሆናለች፤ ይህን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መካከለኛው ወንድም ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ "እንግዲያ ለእህታችን ሠርታ ገንዘብ ትመልሳለች ብለን መንገር የለብንም" አለ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ከባዱ ቃል ይኸው ነበር። እህቲቱ የላከችው መኪናይቱ ሠርታ ትመልሳለች ተብላ ከሆነ፣ ጂፕ መሳይ ፎቶ በስልክ ልኮ "አሪፍ ናት" ከማለት በፊት ይህን ልታውቀው ይገባታል። እንደ ቤተሰብ መኪና ብትወዳት የራሷ ፈቃድ ነው።

ገንዘቡ የጎደለ አንባቢ ካለ፣ ወለድ ውስጥ ሳይገባ የሚገዛበት የሙራባሓ መንገድ መኖሩን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና የሚያተርፈውን ገልጾ፣ በተወሰነ ዋጋ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ዋጋው ከተፈራረሙ በኋላ አይንርም። ያገለገለ መኪና ይቀበሉ እንደሆነ ግን ከባንክ ባንክ ይለያያልና ቀብድ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

"ለምን አዲስ አንጠብቅም?" የሚል ይኖራል። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ የቤንዚን ኤስፕሬሶ የሚፈልግ ሰው ገበያው ቀድመው ከገቡት መካከል ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ሲጠራ አያፍርም። የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር ለደጋ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ በ3000 ሜትር ላይ አንድም ፈረስ አይጎድለውም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ እየያዘ ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ችግሩ ኃይል መሙያው ነው። በቤት ሶኬት የሚሞላ ሰው ሙሉ ሌሊት መብራት ያስፈልገዋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፤ መብራት ሲጠፋ መኪናውም ቆመ ማለት ነው። በወልዲያና በደብረ ታቦር መካከል የት እንደሚሞላ ሳያጣሩ የአዲስ አበባን ሰው አይቶ መግዛት አይሆንም።

ኤስፕሬሶዋን ለመግዛት ለቆረጠ ግን ጥቂት ነገር ልጨምር። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ጎሚስታ ቤት አስነሥታችሁ ሆዷን ከሥር እዩ፤ ደጋ የሠራች መኪና ጠባሳዋ እዚያ ነው። ስኮርታ ጎማዋን፣ ክሪኳን ጠይቁ። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ራሳችሁ አስነሡ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከዚያ አምስት ሆናችሁ ተሳፈሩና ዳገት አስወጧት፣ ስትመለሱም ቁልቁለቱ መሐል ላይ ሙሉ በሙሉ አቁማችሁ ፍሬኗን ሞክሩ። አስፋልት ላይ ብቻችሁን ነድታችሁ እንድትመልሱ የሚለምን ሻጭ ካጋጠማችሁ ቁልፉን መልሱለት።